ኔትወርክን በዓይን ማየት፦ ምስሉ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም



ዛሬ የምናነሳው ርዕስ ሲሰሙት የኮምፒዩተር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ሱቁ ውስጥ የደህንነት ካሜራ የሰቀለ ነጋዴ፣ ቤቱ ዋይፋይ ያስገባ አባወራ፣ ገንዘቡን በስልኩ የሚያንቀሳቅስ ወጣት ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተዋል። የምናወራው በኔትወርክ ውስጥ የሚመላለሰውን መረጃ ወደ ምስል ቀይሮ አደጋን በዓይን ስለመለየት ነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ። ይህ ዕውቀት በየከተማው ላለው ወጣታችን የተከፈተ በር ነው፤ ገብተን ልንማረው ይገባል እንላለን። ከዚሁ ጋር ደግሞ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ ከትራፊክ የሚወጣው ምስል ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ወደ ሙያው የሚገባ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ከሚሰጠው ጥቅም ሊበልጥ ይችላል። ለምን እንዲህ እንደምንል አንድ በአንድ እንመልከት። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት አንብቡት። ዓመቶቹም ካልገለጽን በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምስል ለምን አስፈለገ?

በስልካችን አንድ ቪዲዮ ስንከፍት መረጃው አንድ ላይ ተጠቅልሎ አይመጣም። ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ተከፋፍሎ ነው የሚጓዘው። እያንዳንዱ ፓኬት ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር አድራሻ ተጽፎበታል። የፖርት ቁጥርም አለው። አድራሻውን እንደ ሕንፃ ብናየው ፖርቱ የቢሮ ቁጥር ማለት ነው። አንድ ኮምፒዩተር ከ65 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች አሉት። ድረ ገጽ የሚያስተናግድ ሰርቨር በተለምዶ በ80 እና በ443 ቁጥር ያስተናግዳል፤ ኢሜይሉም፣ ዳታቤዙም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው።

አሁን ኮምፒዩተሮች፣ ስልኮችና ካሜራዎች ያሉበትን አንድ መካከለኛ ድርጅት እናስብ። ማን ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ፖርት፣ ምን ያህል መረጃ እንደተለዋወጠ የሚመዘግበው ሎግ በአንድ ቀን ሚሊዮን መስመር ሊደርስ ይችላል። ይህን መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው የለም። ቢኖር እንኳ አንብቦ እስኪጨርስ ሌባው የሚፈልገውን ወስዶ ይሄዳል።

የተለመደው መከላከያ የሚሠራው እንደ ተፈላጊ ፎቶ ነው። ከዚህ በፊት የታወቀ ጥቃት መልኩ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ በኔትወርኩ የሚያልፈው ሁሉ ከዚያ ጋር እየተመሳከረ ያልፋል። የታወቀውን ሌባ ለመያዝ ጥሩ ዘዴ ነው። ፎቶው ገና ያልተለጠፈው አዲሱ ሌባ ግን ሰላምታ ሰጥቶ ይገባል።

ቁጥርን በድምርና በአማካይ ብቻ ማየትም ያታልላል። በ1973 ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ የስታቲስቲክስ ምሁር አራት የቁጥር ስብስቦችን አዘጋጅቶ ይህን አሳይቷል። እያንዳንዱ ስብስብ 11 ነጥቦች አሉት። የአራቱም አማካይ፣ ሥርጭትና ዝምድና አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ግራፍ ላይ ሲቀመጡ ግን አራቱ ፈጽሞ አይገናኙም። አንዱ ዘርዘር ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ሲሄድ አንዲት ነጥብ ብቻ ታፈነግጣለች፣ አራተኛው እንደ ምሰሶ ቆሞ አንዲት ነጥብ ርቃ ትታያለች። ቁጥሩ የደበቀውን ዓይን በአንድ እይታ አገኘው።

የሚሽከረከረው ኪዩብ

ይህ ሐሳብ ወደ ኔትወርክ ደህንነት ሲመጣ ከተሠሩት ነገሮች አንዱን እንንገራችሁ። በ2003 መጨረሻ በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ትልቅ የሱፐርኮምፒዩተር ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። በዚያ ላይ የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ባለሙያው ስቲፈን ላው በኔትወርኩ የሚያልፈውን በቀጥታ የሚያሳይ፣ በስክሪን ላይ የሚሽከረከር ኪዩብ አቀረበ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የኪዩቡ አንዱ ጎን የውስጥ ኮምፒዩተሮችን አድራሻ ይዟል። ሁለተኛው ጎን የቀረውን የኢንተርኔት ዓለም አድራሻ ይዟል። ከታች ወደ ላይ ያለው ቁመት የፖርት ቁጥር ነው። አንድ ሰው ግንኙነት በሞከረ ቁጥር አንዲት ነጥብ ትታያለች። የተሳካው ግንኙነት ነጣ ያለ፣ ያልተሳካው ደግሞ ባለ ቀለም ነው።

ታዲያ ምን ታየ? የአንዱን ኮምፒዩተር በሮች ሁሉ ተራ በተራ የሚሞክር ሰው ሲመጣ ነጥቦቹ ተደርድረው ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠሩ። አንድን ዓይነት በር በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ የሚፈልግ ሲመጣ መስመሩ አግድም ተዘረጋ። አንዳንዶቹ ሁለቱንም እየቀያየሩ ይሞክራሉ፤ እነሱ ደግሞ ጠመዝማዛ ጥለት ጥለው አለፉ። ይህን ለማየት የኔትወርክ ዲግሪ አያስፈልግም። የኪዩቡ ዓላማም ይኸው ነበር፤ ተራው ሰው በኢንተርኔት ላይ ምን ያህል መነካካት እንዳለ በዓይኑ እንዲያይ ነው የተሠራው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በአንድ ሰፈር እየዞረ የእያንዳንዱን ቤት በር ገፋ አድርጎ የሚያልፍ ሰው አለ እንበል። እያንዳንዱ ባለቤት የሚያውቀው አንድ ጊዜ በሩ እንደተነካ ብቻ ነው። ነፋስ ይሆናል ብሎ ይተወዋል። ከሰገነት ላይ ሆኖ ሰፈሩን በሙሉ የሚያይ ሰው ግን የሰውየውን ሐሳብ ወዲያው ይጠረጥራል። በኔትወርክም እንዲሁ ነው። የሎጉ አንዷ መስመር ለብቻዋ ምንም አትልም፤ መስመሮቹ አንድ ላይ ሲታዩ ነው ታሪኩ የሚወጣው። የምስሉ ጥቅም በአጭሩ ይህ ነው።

በባዶ ቤት በር ላይ የሚሰማ ማንኳኳት

ሌላው ብልሃት ማንም የማይጠቀምባቸውን አድራሻዎች መጠበቅ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የሚገኘው ካይዳ የተባለ የምርምር ማዕከል ለዓመታት ይህን ሲሠራ ቆይቷል። ሰው የማይኖርበት ቤት በር ከተንኳኳ ያንኳኳው እንግዳ አይደለም። ወይ ተሳስቷል፣ ወይ በሮችን በጅምላ እየሞከረ ነው። በእነዚህ ባዶ አድራሻዎች ላይ የሚወርደውን ፓኬት በካርታና በግራፍ ሲስሉት የትል ቫይረሶች በዓለም ላይ እንዴት እንደሚዛመቱ ታየ።

ስላመር የተባለው ትል ጥሩ ምሳሌ ነው። በጃንዋሪ 25፣ 2003 ተነሳ። መጠኑ 376 ባይት ብቻ ነበር፤ አንድ አጭር የቴሌግራም መልእክት ያህል ማለት ነው። የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ሰርቨሮችን በ1434 ፖርት በኩል ያጠቃ ነበር። በመጀመሪያው ደቂቃ ቁጥሩ በየ8.5 ሰከንዱ እጥፍ ይሆን ነበር። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊያጠቃቸው ከሚችላቸው ሰርቨሮች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ደረሰባቸው፤ ቢያንስ 75 ሺህ ማለት ነው። በአሜሪካ የባንክ ኤቲኤሞች ቆሙ፤ በረራዎች ተስተጓጎሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በግራፍ ላይ ስላመር በአንድ ፖርት ላይ በድንገት የቆመ ግድግዳ ሆኖ ነው የታየው። ሎግ ያነበበ ሰው ገና ምን ሆነ እያለ ሳለ ምስል ያየ ሰው ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ያውቃል። ሁለተኛው ትምህርት ግን ከዚህ ይከብዳል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ያወጣው ከስድስት ወር በፊት ነበር። ያልጫነው ሰው የፈለገውን ያህል የሚያምር ምስል ቢኖረው በ10 ደቂቃ ውስጥ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር። ማየት መዝጋትን አይተካም።

የሱቃችን ካሜራስ?

ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። በ2016 ሚራይ የተባለ ማልዌር በዓለም ዙሪያ የደህንነት ካሜራዎችን፣ የካሜራ መቅረጫዎችንና ራውተሮችን ወረረ። ረቂቅ ጥበብ አልነበረውም። በ23 እና በ2323 ፖርት እያንኳኳ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሞሉ 60 ገደማ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ጥንዶችን ብቻ ይሞክር ነበር። አድሚን አድሚን፣ ሩት 12345 የመሳሰሉትን ማለት ነው። በዚህ ብቻ በጊዜው እስከ 600 ሺህ የሚደርሱ ዕቃዎችን በአንድ ጊዜ ተቆጣጥሯል። በኦክቶበር 21፣ 2016 ዲን በተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት ላይ በተከፈተው ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት ሲቆራረጡ ውለዋል።

የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን ምንም አላወቁም። ካሜራው እንደ ወትሮው እየቀረጸ ነበር፤ ምናልባት ኢንተርኔቱ ትንሽ ዘግይቶባቸው ይሆናል።

አሁን በየከተማችን ካሜራና ራውተር እየተከሉ የሚተዳደሩ ወንድሞች ጥቂት አይደሉም። ስንቶቹ ዕቃውን ሰቅለው፣ ምስሉ በስልክ እንደሚታይ አሳይተው፣ ፓስወርዱን እንዳለ ትተው ይሄዳሉ? ባለሱቁ ሌባ እንዲያይለት ብሎ ገንዘቡን አውጥቶ የሰቀለው ዕቃ ራሱ የሌባ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለውን ነገር ምስል እንዴት እንደሚያጋልጠው ለመረዳት የካሜራን ባህርይ ማወቅ ይበቃል። ካሜራ እንደ ሰው አይደለም፤ ዩቲዩብ ከፍቶ ቲክቶክ አያይም። ዕድሜውን በሙሉ የሚያወራው ከመቅረጫው ጋርና ከአንድ ወይም ከሁለት ሰርቨሮች ጋር ነው። ግንኙነቱን ብንስለው ሁለት ሦስት ቀጫጭን ክሮች ብቻ ይኖሩታል። በሚራይ የተያዘ ካሜራ ግን በአንድ ጊዜ በሺዎች ወደሚቆጠሩ እንግዳ አድራሻዎች በ23 ፖርት ይወነጨፋል። ሥዕሉ ከሁለት ክር ተነስቶ እንደ ፀሐይ ጨረር ይበተናል። ይህን ያየ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንኳ አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል።

ዓይን በማሽን ሲተካ

ሰው ግን ቀንና ሌሊት ስክሪን ላይ አፍጥጦ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ምስሉን ማሽን እንዲያየው አደረጉ።

በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ማንኛውም ፋይል የባይት ድርድር ነው። እያንዳንዱ ባይት ከ0 እስከ 255 የሆነ ቁጥር ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ያለ አንድ ፒክስልም ከ0 እስከ 255 ነው፤ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ፣ በመካከል ያለው ግራጫ። ታዲያ ፋይሉን ወስዶ ባይቶቹን እንደ ፒክስል መደርደር ይቻላል። በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከ9 ሺህ በላይ የማልዌር ፋይሎችን በዚህ መንገድ ፎቶ አደረጓቸው። በ25 ቤተሰብ የተከፈሉ ነበሩ። የአንድ ቤተሰብ የሆኑት ፎቶዎች እንደ አንድ ሸማኔ ጥለት ተመሳስለው ወጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የማልዌር ጸሐፊዎች በየጊዜው ከባዶ አይጀምሩም፤ የድሮውን እየነካኩ ነው አዲስ የሚያወጡት። ማሽኑም በጥለቱ ብቻ 98 በመቶ ያህሉን በትክክል ለየ።

በ2017 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ ወደ ኔትወርክ ትራፊክ አመጡት። የእያንዳንዱን ግንኙነት የመጀመሪያ 784 ባይት ወሰዱ። 28 በ28 ሲባዛ 784 ስለሚሆን እያንዳንዱ ግንኙነት አንዲት ትንሽ ካሬ ፎቶ ሆነች። ከዚያ ፎቶ ለመለየት የሚያገለግለውን ሰው ሰራሽ አስተውሎት አሠለጠኑበት። 10 ዓይነት የማልዌርና 10 ዓይነት የጤነኛ ትራፊክ አቅርበውለት ከ99 በመቶ በላይ በትክክል ለየ።

ይህን ሲሰማ ብዙ ወጣት ነገሩ አለቀ ይላል። 99 በመቶ ከተገኘ ሌላ ምን ይፈለጋል? አላለቀም። ልባችሁ እዚህ ላይ እንዲሆን የምንፈልገው ለዚህ ነው።

99 በመቶ ለምን አይበቃም?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ድርጅት በቀን 1,000,000 ግንኙነት አለው እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 100ዎቹ ብቻ ጥቃት ናቸው። ማሽናችን 99 በመቶ ትክክል ነው። ከ100ዎቹ ጥቃቶች 99ኙን ይይዛል፤ ማሻአላህ። ከቀሩት 999,900 ጤነኛ ግንኙነቶች ግን 1 በመቶውን በስህተት ጥቃት ነው ይላል። ያ 9,999 ነው። በድምሩ 10,098 ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተደወለ ማለት ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛው 99 ብቻ ነው። ደወሉ 100 ጊዜ ሲጮህ 99ኙ ሐሰት ነው።

ይህን የሚከታተል ሠራተኛ ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ሳምንት እየሮጠ ያጣራል። በሁለተኛው ይሰለቻል። በሦስተኛው ደወሉን ያጠፋዋል። እውነተኛው ሌባ የሚገባው ያኔ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ስቴፋን አክስልሰን ይህን ችግር ገና በ1990ዎቹ መጨረሻ በሒሳብ አሳይቶ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ማስታወቂያዎች ሲዘሉት እናያለን።

ሁለተኛው ምክንያት ማሽኑ ምን እንደተማረ አለማወቃችን ነው። የሠለጠነበት መረጃ ውስጥ ጥቃቱ ሁሉ ከአንድ ኮምፒዩተር የተነሳ ከሆነ ማሽኑ የሚማረው የጥቃትን ባህርይ ላይሆን ይችላል፤ የዚያን ኮምፒዩተር አድራሻ ሊሆን ይችላል። በፈተናው ላይ ያንኑ አድራሻ ሲያይ መልሱን ይሰጣል፤ ሰዎችም ጎበዝ ነው ይላሉ። ትምህርቱን ሳይገባው የድሮ ፈተና ሸምድዶ 100 ያመጣ ተማሪ ማለት ነው። ሌላ ትምህርት ቤት ወስደን ብንፈትነው ይወድቃል። በ2010 ሮቢን ሶመርና ቨርን ፓክስሰን የጻፉት ጥናትም ይህን ነው የሚለው፦ በላቦራቶሪ የተዋጣለት ማሽን በእውነተኛ ኔትወርክ ላይ ለምን እንደሚቸገር ዘርዝረው አስረድተዋል። ፓክስሰን ዛሬ ዚክ ተብሎ የሚጠራውን ታዋቂ የኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌር የፈጠረ ሰው ነው፤ በሙያው ውስጥ ሆኖ ነው የሚናገረው።

ሦስተኛው ምክንያት ሌባውም የሚማር መሆኑ ነው። ፎቶ የሚለዩ ማሽኖች በጥቂት ፒክስሎች ለውጥ እንደሚታለሉ ከ2013 ወዲህ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሰው ዓይን ላይ ምንም ያልተለወጠ የሚመስል ፎቶ ማሽኑን ሌላ ነገር ያስብለዋል። ትራፊኩን ፎቶ አድርጎ ለሚመረምር ማሽንም ጥቃት አድራሹ ባይት እየጨመረና ጊዜውን እያዘገየ መልኩን ሊቀይር ይሞክራል።

እንግዲህ ምስሉ ምስክር ነው ያልነው ለዚህ ነው። ምስክርን እንሰማለን፣ እንመረምራለን፣ ከሌላ ማስረጃ ጋር እናመሳክራለን። በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ተነስቶ የሰው ኮምፒዩተር የሚዘጋ፣ ሠራተኛን ሌባ ብሎ የሚያባርር ድርጅት በደል ይሠራል።

ሳይከፍቱ ማንበብ

ዛሬ አብዛኛው የኢንተርኔት ግንኙነት የተመሰጠረ ነው። በመካከል ያለ ሰው ፓኬቱን ቢይዘውም ውስጡን አያነብም። ታዲያ ምስሉ ምን ይጠቅማል?

መልሱን ለማግኘት ወደ 9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ እንመለስ። አቡ ዩሱፍ አል ኪንዲ ስለ ምስጢራዊ ጽሑፎች በጻፈው ድርሳኑ አንድ ነገር አስተዋለ። ፊደል በፊደል ተቀይሮ የተመሰጠረ ጽሑፍ ቃሉን ቢደብቅም ልማዱን አይደብቅም። በቋንቋው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፊደል በምስጢሩም ውስጥ በሌላ መልክ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ መቁጠር በቂ ነው። ይህ ዘዴ ለምስጢር መፍታት ሳይንስ መሠረት ሆነ።

የዛሬው ምስጠራ በፊደል ቆጠራ አይፈታም። ልማዱ ግን አሁንም ይታያል። ቪዲዮ ትልልቅ ፓኬቶችን በጅምላ ያወርዳል። የድምፅ ጥሪ ትንንሾችን በእኩል ርቀት ያዥጎደጉዳል። ቻት አልፎ አልፎ ጠብ ጠብ ይላል። በ2019 የወጣው ፍሎውፒክ የተባለ ሥራ የፓኬቱን መጠን በአንድ በኩል፣ የመድረሻ ጊዜውን በሌላ በኩል አድርጎ ፎቶ ይሠራል። ውስጡን ሳይከፍት፣ በቪፒኤን ተሸፍኖ ያለውን ትራፊክ እንኳ ቪዲዮ ነው፣ ጥሪ ነው፣ ቻት ነው ብሎ በከፍተኛ ትክክለኛነት ይለያል።

አያችሁ? ማልዌርን የሚያጋልጠው ዓይን ሰውንም ያጋልጣል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ማን ስንት ሰዓት ላይ ከማን ጋር እንደሚደዋወል፣ ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚጠቀም ቃሉን ሳይሰሙ መገመት ይቻላል። በሀገራችንም በ2004 ዓ.ም ቶር የተባለው ማንነትን የሚሸፍን ኔትወርክ በፓኬት ምርመራ ተለይቶ መዘጋቱን የቶር ፕሮጀክት ራሱ አስታውቆ ነበር። ይዘቱን ማንም አልፈታውም፤ በመልኩ ነው የታወቀው።

ስለዚህ ይህን ሙያ የሚማር ወጣት ከመጀመሪያው ቀን ድንበሩን ይወቅ። የሰውን ገመና መሰለል በዲናችን ያለውን ቦታ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ሕጉም አለ። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሰውን ግንኙነት ያለ ፈቃድ መጥለፍ ወንጀል ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የካፌ ዋይፋይ ላይ ተቀምጦ የሌሎችን ትራፊክ ለልምምድ መያዝ ብልጠት አይደለም። የራሳችን ያልሆነ ኔትወርክ ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ ይቅደም። ማየት የሚገባን ደግሞ የዕቃውን ባህርይ እንጂ የሰውየውን ገመና አይደለም።

ታዲያ ከየት እንጀምር?

አንዳንዶች ይህ የሀብታም ሀገር ሥራ ነው ይላሉ። አይደለም። ዋየርሻርክ የተባለው ፓኬት ማያ ሶፍትዌር ነጻ ነው። ዚክም ነጻ ነው። ፓይተን ነጻ ነው። ለመማሪያ የሚሆኑ፣ ተመራማሪዎች ለሕዝብ የለቀቋቸው የትራፊክ መረጃዎችም አሉ። አንድ መለስተኛ ላፕቶፕ ካለ ለመጀመር ይበቃል።

ሌሎች ደግሞ ሁሉንም ሰው ሰራሽ አስተውሎት ሊሠራው ነው፣ ምን አደከመን ይላሉ። ከላይ የሠራነው ሒሳብ መልሱ ነው። 10 ሺህ ደወል ሲጮህ 99ኙን ለይቶ የሚያወጣው የሚያስተውል ሰው ነው። ማሽኑ በበዛ ቁጥር የማሽኑን ቃል የሚመረምር ሰው ይበልጥ ይፈለጋል።

ምክራችን ይህ ነው።

1ኛ፦ ዛሬ ማታ፣ ነገ ሳይባል፣ የቤታችሁን ራውተርና የሱቃችሁን ካሜራ ፓስወርድ ቀይሩ። ማስተካከያ ከወጣላቸው ጫኑ። ካሜራ የምትተክሉ ወንድሞች ደግሞ ፓስወርድ መቀየርን የሥራችሁ ክፍል አድርጉት። አማና ነው።

2ኛ፦ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ከመማራችሁ በፊት ኔትወርክ ተማሩ። ፓኬት፣ ፖርትና አድራሻ ምን እንደሆኑ ሳያውቁ ትራፊክን ፎቶ ማድረግ ፊደል ሳይቆጥሩ መጽሐፍ እንደመያዝ ነው። የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ወስዳችሁ ሰርተፍኬት የያዛችሁ ወጣቶች መሠረቱ ስላላችሁ ከዚህ ቀጥሉ።

3ኛ፦ በራሳችሁ ቤት ኔትወርክ ላይ የአንድ ሳምንት ትራፊክ መዝግቡና ሳሉት። ሰዓቱን በአግድም፣ ፖርቱን በቁመት አድርጉት። የመጀመሪያው ግባችሁ ሌባ መያዝ አይሁን፤ ጤናማው ቀን ምን እንደሚመስል ማወቅ ይሁን። ጤነኛውን የማያውቅ በሽተኛውን አይለይም።

4ኛ፦ አንድ ነገር አፈንግጦ ስታዩ አትፍረዱ፤ ጠይቁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚወጣው ብዙ መረጃ ምናልባት የስልካችሁ ፎቶዎች ወደ ጉግል እየተጫኑ ይሆናል። ከማስጠንቀቂያ እስከ ድምዳሜ ያለውን መንገድ በማስረጃ ሙሉት።

5ኛ፦ መስጂዶቻችን፣ መድረሳዎቻችን፣ የግል ትምህርት ቤቶቻችንና ክሊኒኮቻችን ኮምፒዩተርና ካሜራ ካስገቡ ቆይተዋል። የሰው ስም፣ ስልክና የገንዘብ መዝገብ በእጃቸው አለ። ዕውቀቱ ያላችሁ ወጣቶች ኃላፊዎቹን በአክብሮት አስፈቅዳችሁ፣ ምን እንደምታዩና ምን እንደማታዩ አስቀድማችሁ ተስማምታችሁ አገልግሉ። ኃላፊዎችም ልጆች ናቸው ብላችሁ አትመልሷቸው።

ይህ ሙያ ከባንክ እስከ ቴሌኮም፣ ከሆስፒታል እስከ አስመጪው ቢሮ የሚፈለግ ነው። ከእንጀራነቱ በላይ ግን የምናስብበት ምክንያት አለን። የነጋዴው ሀብት፣ የታካሚው መዝገብ፣ የእናቶቻችን የቁጠባ ገንዘብ ዛሬ በእነዚያ የማይታዩ ፓኬቶች ውስጥ ነው የሚመላለሰው። የሚጠብቀው ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፦ የማይታየውን ማየት የሚችል ዓይንና ለመፍረድ የማይቸኩል ልብ። የመጀመሪያውን ሶፍትዌር ያግዘናል፤ ሁለተኛውን ራሳችን ይዘን መምጣት አለብን።

በዚህ ሙያ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ልምዳችሁን በአስተያየት መስጫው ላይ አካፍሉን። መጀመር የምትፈልጉም ጠይቁ፤ የሚያውቁት ይመልሱላችኋል ኢንሻአላህ። ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት፣ በተለይ ካሜራ ለሚተክል ጓደኛችሁ፣ አድርሱለት።

ወላሁ አዕለም።